ልድን ገብቼ ታምሜ ወጣሁ!

ሆዳችሁ ደህና ነው? (ዛሬ ሰላምታዬ ራሱ ስለ ሆድ ነው፤ አትቀየሙኝ።)

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። እኔ የቡሬ ልጅ ስለሆንኩ ለአገሬ ሰው አዳልቼ ያወጣሁት እንዳይመስላችሁ። ደብዳቤውን ሳነበው «ይቺን ልጅ ዝም ካልኳት ራሷን በረሃብ ትጨርሳለች» ብዬ ደንግጬ ነው ወረፋ ያስቀደምኳት።

ጸሐፊዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። ከተማው ውስጥ ሱቅ ትሠራለች። የምን ሱቅ እንደሆነ አልናገርም፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ይቺን ታህል ፍንጭ ከሰጣችሁ እስከ ማታ ስሟም የአባቷም ስም ይታወቃል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ወተት በጠጣች ቁጥር ሆዷ እንደ ከበሮ ይነፋል፣ ያጉረመርማል፣ ይቆርጣታል። መጀመሪያ «ጨጓራ ነው» ተባለች። (እኛ አገር ከአንገት በታች ከጉልበት በላይ ያመመ ነገር ሁሉ ጨጓራ አይደል?) ቀጥሎ አሜባ ተባለች፤ ቀጥሎ ጃርዲያ። ሦስት ጊዜ ኪኒን ዋጠች። ሰገራዋ የታየው ግን አንዴ ብቻ ነው።

በመጨረሻ አዲስ አበባ የምትኖር አክስቷ «እዚህ ነይና በደንብ ታይ» ብላ አስመጣቻትና አንድ የግል ክሊኒክ ገባች። ጠዋት በባዶ ሆዷ ጣፈጥ የሚል ውኃ አጠጧት። ከዚያ በየተወሰነ ደቂቃው ጣቷን እየወጉ አራት ጊዜ ደም ወሰዱ። «ውጤቱን ነገ ነይና ውሰጂ» ብለው ሸኟት። በቃ፤ ሌላ ቃል የለም። ታክሲ ውስጥ ሳለች ሆዷ ተነሣ። እስከ ማታ ስድስት ጊዜ ተመላለሰች። ቁርጠቱ ቁጭ ብድግ አደረጋት። አክስት ሆዬ «መርዝ አጠጥተውሽ ነው!» ብላ ጎረቤት ሰበሰበች። በማግስቱ ለቀቃት። ልጅቷ ግን ወደዚያ ክሊኒክ ዞር ብላ ማየትም አልፈለገች፤ ውጤቱን ሳትወስድ አውቶቡስ ተሳፍራ 390 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዛ አገሯ ገባች።

እስከዚህ ድረስ ቢሆን ኖሮ ወረፋ አላስቀድማትም ነበር። ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ወተቱን ብቻ አይደለም የተወችው። ቅቤ የነካው ወጥ ቀረ። አይብ ቀረ። እርጎ ቀረ። ቀጥሎ እንቁላል ፈራች፤ ቀጥሎ ሥጋ ፈራች። (እንቁላል ውስጥ የወተት ስኳር ምን ሊሠራ ገብቶ!) 6 ኪሎ ቀንሳለች። በዚህ ላይ ከፋሲካ በኋላ ልታገባ ነው። እጮኛዋ የቡሬ ገጠር ልጅ ሲሆን እናቱ ቤት የሚታለቡ ላሞች አሉ። በጥምቀት ሰሞን ሊያስተዋውቃት ወስዷት ነበር። የቀረበላትን ወተት ሳትነካው መለሰች። ከዚያ ወዲህ «ወይ ትንቀናለች ወይ በሽተኛ ናት» የሚል ወሬ ዞሮ ዞሮ ጆሮዋ ደርሷል። አሁን ሁዳዴ ስለገባ ሁሉም ከወተት ርቋል፤ የሚጠረጥራት የለም። ከፋሲካ በኋላ ግን ምን ትደበቅበት? ጥያቄዋ ሁለት ነው። «ያጠጡኝ ነገር አንጀቴን ጎድቶት ይሆን? ለአማቴስ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

እህቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። 12ኛ ክፍል ጨርሼ በብዕሬ የማድር ሰው ነኝ። ስለዚህ የምነግርሽ ከሐኪሞች ጠይቄ፣ ካገኘሁትም አንብቤ ያጠራቀምኩትን ነው። አንድ ነገር ግን ካንቺ እኩል አውቃለሁ፤ ያን ውኃ እኔም ጠጥቼዋለሁ!

አዎ፣ እኔም ማኪያቶ ከጠጣሁ በኋላ የሆዴ ድምፅ ስብሰባ እየረበሸ አስቸግሮኝ ተመርምሬያለሁ። ጠዋት ገባሁ፣ ጠጣሁ፣ ጣቴን ተወጋሁ። ሁለተኛው ደም ሊወሰድ ሲል ሆዴ መናገር ጀመረ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዞር ብለው «የኔ ልጅ፣ ቁርስ አልበላሽም እንዴ?» አሉኝ። ሦስተኛው ላይ ቁርጠት መጣ። ከሰዓት በኋላ የት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ራስ ምታቱም፣ ማቅለሽለሹም ነበረ። ማታ ላይ ተሻለኝ፤ ጠዋት እንጀራ በላሁ። እኔና አንቺ አንድ ዓይነት ውኃ ጠጥተን አንድ ዓይነት ቀን ነው ያሳለፍነው። ልዩነታችን ምን መሰለሽ? እኔን የመረመረችኝ ነርስ ከመጠጣቴ በፊት «ሆድሽን ሊረብሽሽ ይችላል፤ ዛሬ ሩቅ መንገድ አትሂጂ፤ ነገ ይለቅሻል» አለችኝ። አንቺን ማንም አልነገረሽም። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስለጎደለች ነው አንቺ መርዝ ጠጣሁ ብለሽ ሦስት ወር የተራብሽው። ያን ክሊኒክ በስም ባላነሣውም እዚህ ላይ በጣም ታዝቤዋለሁ። ለማስጠንቀቅ እኮ መሣሪያ አይገዛም!

አሁን ወደ ውኃው እንግባ። ውስጡ ያለው ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ነው። ሌላ ምንም የለበትም፤ የላም ወተት ውስጥም የእናት ጡት ውስጥም ያለው ያው ስኳር ነው። ትንሹ አንጀታችን ይህን ስኳር ሰባብሮ ወደ ደም የሚያስገባበት ላክቴዝ የሚባል ነገር ያመነጫል። ሕፃን ሁሉ ማለት ይቻላል ይኼ አለው፤ ባይኖረው ጡት አይጠቅመውም ነበር። ጡት ከተጣለ በኋላ ግን በብዙው የዓለም ሕዝብ ላይ ላክቴዝ እየቀነሰ ይሄዳል። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛው ገደማ እንደዚያ ነው። ስለዚህ «በሽታ» ከማለት «ተፈጥሮ» ማለት ይቀላል።

ስኳሩ ሳይሰባበር ሲቀር ምን ይሆናል? መጀመሪያ ውኃ እየሳበ አንጀትን ይሞላዋል። ከዚያ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ የሚኖሩት ጥቃቅን ባክቴሪያዎች ድግስ እንደተጠራ ሰው ይሻሙበታል፤ ልክ ጋን ውስጥ እንዳለ ጠላ ያፈሉታል። ጋዝ ይወጣል፣ አሲድ ይወጣል። መነፋቱ ከጋዙ ነው፤ ተቅማጡ ከውኃው ነው፤ ቁርጠቱ ከሁለቱም ነው። ብዙ ጊዜ ከጠጡ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ስኳሩ ተጠቅልሎ ሲወጣ ያበቃል። አብዛኛው ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ሰላም ይሆናል። ራስ ምታቱና መድከሙ ደግሞ ከማታ ጀምሮ ሳይበሉ ከመዋልና ውኃ ከሰውነት ከመውጣቱም ይመጣል። አንጀትን የሚያቆስል፣ የሚልጥ፣ የሚበሳ ነገር እዚህ ውስጥ የለም። የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ ይኸው ነው፤ አልጎዳሽም።

«ታዲያ ለምን እንዲህ ጠናብኝ? ቤቴ ወተት ስጠጣ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም» ትይ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ሒሳቡ። ለአዋቂ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 50 ግራም ላክቶስ ነው፤ 25 ግራም የሚሰጡም አሉ። አንድ ብርጭቆ የላም ወተት ውስጥ ያለው 12 ግራም አካባቢ ነው። እንግዲህ አስቢው፤ 50 ግራም ማለት አንድ ሊትር ወተት በባዶ ሆድ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ማለት ነው! እስቲ አንድ ሊትር በአንዴ ጠጥቶ ሥራ የሚገባ ሰው አሳዩኝ። ማኪያቶ ውስጥ 100 ሚሊ ሊትር ወተት ቢኖር እንኳ ላክቶሱ 5 ግራም ቢሆን ነው፤ አንቺ የጠጣሽው አሥር እጥፉን ነው። መጠኑን ያበዙት አውቀው ነው፤ አንጀትሽ ስኳሩን መስበር ይችል እንደሆነ በግልጽ እንዲታይ። የሚፈጭ ሰው ከሆንሽ ስኳሩ ደምሽ ውስጥ ይገባና የደም ስኳር ከፍ ይላል። ከጾም ልኩ ከ20 ሚሊ ግራም በታች ብቻ ከጨመረ «አልፈጨችውም» ይባላል። የእኔ ከ82 ተነሥቶ 89 ላይ ቆመ። በቃኝ፣ ገባኝ።

ሌላው ዓይነት በትንፋሽ የሚደረገው ነው። ባክቴሪያዎቹ ከሚያወጡት ጋዝ አንዱ ሃይድሮጅን ነው፤ እሱ በደም ዞሮ በሳንባ ይወጣል። በየግማሽ ሰዓቱ እፍ እያልሽ መሣሪያው ይቆጥረዋል፤ ከመነሻው በሚሊዮን 20 ያህል ከጨመረ አልተፈጨም ማለት ነው። ደም አይቀዳም፤ ሆዱን የሚረብሸው ግን ያው ስኳር ስለሆነ ከሕመሙ አያድንም። ለዚህኛው ከመሄዳችሁ በፊት ባለው አንድ ወር አንቲባዮቲክ ከወሰዳችሁ ንገሯቸው፤ ባክቴሪያዎቹን ስለሚያመናምናቸው ውጤቱን ያሳስታል። (ከፋርማሲ በር ላይ «አሞክሳሲሊን ስጠኝ» እያላችሁ የምትውጡ ሁሉ፣ ሰምታችኋል?) የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ ከመጠጣቱ በፊት መናገር አለበት፤ የደሙ ምርመራ ለእሱ አይሆንም።

እህቴ፣ አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ያ ስድስት ጊዜ የተመላለስሽበት ሌሊት የምርመራው ግማሽ ነው! እንዴት በይኝ። ደሙ የሚናገረው «ስኳሩን አልፈጨችውም» የሚለውን ብቻ ነው። ሳይፈጩት ምንም የማይሰማቸው ሰዎች ሞልተዋል፤ እነሱን ወተት አይስማማቸውም ማለት አይቻልም። አንቺ ግን ሲሰማሽ ምን ሆንሽ፣ ስንት ሰዓት ላይ ጀመረሽ፣ ስንት ጊዜ ወጣሽ፣ መቼ ለቀቀሽ የሚለው ለሐኪሙ ከወረቀቱ እኩል ያስፈልገዋል። ወረቀቱ አዲስ አበባ ነው፤ ታሪኩ አንቺ ጋ ነው፤ ሁለቱ አልተገናኙም። አክስትሽ ሄዳ ወረቀቱን ትቀበልልሽ። («መርዝ» ያሏቸውን ሰዎች ፊት ማየቱ ትንሽ ቢከብዳትም ትሂድ!) ፎቶ አንስታ ትላክልሽና እዚያው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይዘሽ ግቢ። ያን ውኃ ዳግም መጠጣት ላያስፈልግሽ ይችላል።

ሌሎቻችሁ ይህን ምርመራ ልታደርጉ ከሆነ ቀኑን ባዶ አድርጉት። ስብሰባ፣ ቀጠሮ፣ የአውቶቡስ ጉዞ አይያዝበት። ሲጨርሱላችሁ ቀስ እያላችሁ ውኃ ጠጡ፤ ተቅማጡ ከበዛ ኦ.አር.ኤስ በጥብጡ። በዚያ ቀን ወተት አትድገሙበት። ቀለል ያለ ነገር፣ የገብስ አጥሚት ወይ ሩዝ፣ በቂ ነው። ነገር ግን ሁሉም «ይለቀኛል» ተብሎ አይተኛበትም። ከንፈርና ፊት ካበጠ፣ ሰውነት ሽፍ ካለ፣ ትንፋሽ ካጠረ ያ የወተት ስኳር ጠባይ አይደለም፤ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ቤት ነው። ደም ከወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ውኃ እንኳ አልረጋ ብሎ ከተመለሰ፣ ራስ እያዞረ ከጣለ፣ ወይም ተቅማጡ ከሁለት ቀን ካለፈ እንደዚሁ። ትንሽ ልጅ ከሆነ ደግሞ ሁለት ቀን አይጠበቅም።

የክብደትሽን ነገር አልወደድኩትም። 6 ኪሎ ያስቀነሰሽ ላክቶስ አይደለም፤ ፍርሃትና ባዶ ሳህን ነው ብዬ እገምታለሁ። ግን ግምት ነው። በደንብ እየበላሽም መቀነሱ ከቀጠለ ነገሩ ሌላ ነውና ለሐኪሙ ከወተቱ በፊት ይቺን ንገሪው።

ጃርዲያውም አልረሳሁትም። ጃርዲያ አንጀትን ሲይዝ ላክቴዝ የሚመነጭበትን ቦታ ይጎዳዋል። ጥገኛው በመድኃኒት ከጠፋ በኋላ እንኳ ለሳምንታት ወተት አልስማማ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለው ጊዜያዊ ነው፤ አንጀቱ ሲያገግም ላክቴዙ ይመለሳል። ከተፈጥሮ የቀነሰው ግን ተመልሶ አይመጣም፤ ወተት እየጠጡ «ላለማምደው» ቢሉትም ላክቴዝ አይጨምርም። (የሚለምዱት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወተት የሚጠጣ ሰው ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን ያለብዙ ጫጫታ መጨረስ ይማራሉ።) ያንቺ የትኛው እንደሆነ የሚለየው የሰገራ ምርመራ ነው። ሦስት ጊዜ ኪኒን ውጠሽ አንዴ ብቻ ሰገራሽ መታየቱ እኔን ያናደደኝም ለዚህ ነው።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉም አይጠፉም፤ ነገሩ ግን ግልባጩ ነው። የሰሜን አውሮፓ ሰው ነው እስከ ሽምግልናው ወተት የሚፈጨው። ያ ሰው ዓለሙን ሁሉ በራሱ ሆድ ይለካ ነበርና የምዕራብ ሐኪሞች አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ከእነሱ እንደሚለይ በወጉ ማየት የጀመሩት በ1960ዎቹ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። ወደ እኛ አገር ስንመጣ እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ ኢትዮጵያዊ የሕፃናት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የወተት ስኳር ስለማይፈጩ የኢትዮጵያ ሕፃናት በአንድ የስካንዲኔቪያ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፈዋል። ጥያቄው የዛሬ አይደለም ማለት ነው፤ 50 ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የአሜሪካ የሰው ዘረ መል መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አንድ የሚገርም ነገር አሳየ። በአውሮፓ ወተት የሚያስፈጨው የዘር ለውጥ በዋናነት አንድ ሲሆን ኢትዮጵያውያን ላይ የተገኙት አምስት የተለያዩ ናቸው! ለአውሮፓ የተሠራ፣ አንዱን ብቻ የሚፈልግ የዘር ምርመራ ለእኛ ሰው ሊያሳስት ይችላል ማለት ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችሁ «በምራቅ የሚመረመር አለ» ብለው ሲደውሉላችሁ ይቺን አስታውሷቸው።

እና የማይፈጭ ሰው ወተት እስከ ሞት ይከልከል? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ኒው ኢንግላንድ በሚባለው የታወቀ የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ሙከራ አለ። «ወተት በጣም ያመኛል» የሚሉ 30 ሰዎች ተሰበሰቡ። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ አንድ ብርጭቆ ትክክለኛ ወተት፣ ለሌላ ሳምንት ደግሞ ስኳሩ ቀድሞ የተሰበረለት ወተት ከቁርስ ጋር ጠጡ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልተነገራቸውም። በሁለቱ ሳምንታት የተሰማቸው ሕመም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረውም። እንዲያውም ከእነሱ ውስጥ 9ኙ ሲመረመሩ ስኳሩን በደንብ የሚፈጩ ሆነው ተገኙ! ሕመማቸው ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፤ አንጀት በሌላም ምክንያት ያማል። ግን አንድ ብርጭቆ ከምግብ ጋርና 50 ግራም በባዶ ሆድ ፈጽሞ አንድ አይደሉም። አንቺ ሦስት ወር የፈራሽው ሁለተኛውን ነው፤ ማዕድ ላይ የሚቀርብልሽ ግን የመጀመሪያው ነው።

ወደ አማትሽ ልምጣ። እዚህ ላይ የቡሬ ገጠር አክስቴ ከሐኪሙ በላይ ታውቃለች። አክስቴ ቤት ትኩስ ወተት ለጥጃና ለሕፃን ነው፤ አዋቂ ሲጠይቃት ትስቃለች። የተረፈው በወይራ በታጠነው ዕቃ ይጠራቀማል፣ ይረጋል፣ ይናጣል። ከዚህ የሚወጣውን አንድ በአንድ እይው። እርጎ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ስኳሩን እየበሉ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ መኮምጠጡ የዚያ ምልክት ነው። ይበልጥ በኮመጠጠ ቁጥር ስኳሩ ያነሰ ነው። እነዚያው ባክቴሪያዎች ሆድ ገብተውም የቀረውን መስበር ያግዛሉ። ቅቤው ውስጥ ከስኳሩ የሚቀረው ምንም አይባልም፤ ሲነጠርማ ጨርሶ። አሬራው ከትኩስ ወተት ያነሰ አለው። አሬራው ተሙቆ አይብ ሲሆን ከስኳሩ ብዙው ከአጓቱ ጋር ይወርዳል፤ ስለዚህ አይቡን ብይ፣ አጓቱን ለከብቱ ተዪ። ያቺ ቅቤ የነካችው ዶሮ ወጥ ምን በደለችሽ? ማፍላት ግን ላክቶስን አያጠፋም፤ የሚገድለው ጀርሙን ነው። ያልፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴላ ሊያስተላልፍ ስለሚችል «አሁን የታለበ ነው፣ እንደሞቀ ጠጪ» ብትባይ በላክቶስ ባታመካኚ እንኳ ይህ በቂ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ችግሩ የወተቱ አይደለም፤ የዝምታሽ ነው። ምንም ሳትናገሪ ኩባያውን ስትመልሺ እሳቸው ምን ይበሉ? ላሟን ሳይሆን ቤታቸውን የናቅሽባቸው ነው የሚመስላቸው። መጀመሪያ ለእጮኛሽ ሙሉውን ንገሪው፤ የሌሊቱንም ጭምር። (ሊያገባሽ ያለ ሰው ተቅማጥ ሰምቶ ከደነገጠ ገና ብዙ የሚሰማው አለ።) እሱ ለእናቱ ቀድሞ ይንገርልሽ። ከዚያ ስትሄጂ ራስሽ በቀጥታ «እማ፣ ትኩስ ወተት ሆዴን ይነፋኛል፤ እርጎዎን ግን ይስጡኝ» በያቸው። «አልወድም» አትበይ፤ «አልጠጣም» ብቻ ብለሽም አትቁሚ። ከቤታቸው ሌላ ነገር ጠይቀሽ መብላት ከመቶ ማብራሪያ ይበልጣል። የአገሬን እናቶች አውቃለሁ፤ ሆድ ይነፋኛል ያለች ምራት ስትመጣ የሚያኮርፉ ሳይሆን ሦስት ቀን ያረጉትን እርጎ ደብቀው የሚጠብቁ ናቸው። «በሞቴ! አንዴ ብቻ!» ከተባልሽ ደግሞ ከእንጀራው በኋላ ግማሽ ሲኒ ጠጥተሽ ብታስቀምጪው አትሞቺም።

አጥንትሽስ? ወተት ስትቀንሺ ካልሲየም ከየት ይምጣ ብለሽ እንዳትጨነቂ፤ ምዕራብ ጎጃም ላይ ተቀምጠሽ ዳጉሳ ጠፋ? ዳጉሳ ከእህል ሁሉ በካልሲየም ቁንጮው ነው። ጤፉም አለው፤ ጎመኑም አለው። (ዳጉሳውን በጠላ መልክ ሳይሆን በእንጀራ መልክ ማለቴ ነው፤ ወንዶቹ ይህችን አንቀጽ ቆርጠው እንዳይለጥፉብኝ።)

አሁን ሁዳዴ መሆኑ ደግሞ ለአንቺ ትልቅ ዕድል ነው። ሐኪሞች መሣሪያ በሌለበት ቦታ የሚያዙት አንድ መንገድ አለ፤ ሁለት ሳምንት ከወተትና ከወተት ተዋጽኦ ሁሉ ርቆ ሆዱን መከታተል፣ ከዚያ በአንድ ቀን አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጥቶ ማየት ነው። ሁለት ሳምንት! ፍልሰታ እኮ ልኩን ነው፤ ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ነው። ከወተት መራቁን ጾሙ ራሱ አድርጎልሻል። ስለዚህ በዚህ ጾም ሆድሽ ጸጥ ብሏል ወይስ ያለ ወተትም ይነፋል? ይህን በቀን በቀን በደብተር ጻፊው። ያለ ወተትም የሚነፋሽ ከሆነ ወተቱ ያለጥፋቱ ነው የተከሰሰው፤ ባቄላና ሽሮም፣ ጃርዲያም ተጠርጣሪዎች ናቸው። ሙከራውን ግን በፋሲካ ዕለት አታድርጊው! በዚያ ቀን ዶሮው፣ ቅቤው፣ ክትፎው፣ ጠላው፣ አረቄው አንድ ላይ ገብቶ ማን ምን እንዳደረገ አይታወቅም። የአገሩ ሰው ሁሉ በፋሲካ ማግስት ሆዱን ይዞ «ዶሮዋ ናት» ሲል እሰማለሁ፤ ከ55 ቀን በኋላ የተጠጣውን ወተት የሚጠረጥር ግን አላየሁም። ግርግሩ ካለፈ፣ አንድ ሦስት አራት ቀን ቆይተሽ፣ ቤትሽ የምትውይበትን ቀን መርጠሽ ሞክሪው። ከዚያ በፊት ግን ሐኪሙን አናግሪ፤ ክብደትሽን ሳያይ ምንም አትሞክሪ።

ለዛሬ ከቅቤ ጀምሪ። የጾሙ ቀን ሲያልቅ ማለቴ ነው። እስከዚያው ሽሮውንም ምስሩንም ጠግበሽ ብይ፤ እነሱ ላይ ምንም ክስ የለም። ወረቀቱ ሲደርስሽ ቁጥሮቹን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ከእኔዎቹ 82 እና 89 ጋር እናስተያያቸዋለን። አማትሽ እርጎውን ሲሰጡሽ ምን እንዳሉም ንገሪን፤ እኛ አንባቢና ጸሐፊ ሆነን ለሠርጉ ባንጠራም ወሬው እንዳይቀርብን።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።